ከድሬዳዋ አዲስ አበባ፣ ሰባት ደቂቃ

በ2087 ዓ.ም. ከድሬዳዋ አየር ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ያለው በረራ ሰባት ደቂቃ ይፈጃል። ቁጥሩ በሁለቱም ከተሞች በየአደባባዩ፣ በየትምህርት ቤቱ አጥር፣ በውሃ ጠርሙስ ክዳን ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ውሸት አይደለም። እኔ አርባ ዓመት መሬት ስለካ የኖርኩ ጡረተኛ ቀያሽ ነኝ፤ በቁጥር አልዋሽም፣ ሰው ሲዋሽበትም ያመኛል። የአውሮፕላኑ ጎማ ከመሬት ሲነሣ ሰዓቴን አስጀምሬ፣ መልሶ መሬት ሲነካ አቁሜ አራት ጊዜ ለክቼዋለሁ። ሰባት ደቂቃ ነው፤ አንዴ እንዲያውም ከሰባት ዐሥር ሰከንድ ጎድሏል።

ድሮ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ይኸው በረራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነበር። ከዚያ የጉዞ ጊዜ ማሳጠሪያ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመና ጊዜውን በግማሽ እንዲቀንስ ታዘዘ። ባለሙያዎቹ ፈጣን አውሮፕላን ፈለጉ፤ አላገኙም። ሦስተኛው ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት እጁን አወጣና፣ «አውሮፕላኑን ማፍጠን ካቃተን አየር ማረፊያዎቹን ለምን አናቀራርባቸውም?» አለ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ ይባላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአዲስ አበባው አየር ማረፊያ በየአምስት ዓመቱ ወደ ምሥራቅ፣ የድሬዳዋው ወደ ምዕራብ እየተነቀለ ይተከል ጀመር። ዛሬ ሁለቱም ሚኤሶ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ተፋጠዋል። በእኛው አዳራሽ መስኮት አሻግሮ ያየ ሰው፣ ዓይኑ ደህና ከሆነ፣ «እንኳን ወደ አዲስ አበባ በደህና መጡ» የሚለውን ጽሑፍ ያነባል። ለ2100 የተያዘው ዕቅድ ዜሮ ደቂቃ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ አንድ ሕንፃ ይሆናሉ፤ መንገደኛውም በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ያ እጁን ያወጣው ወጣት አቶ ሚልክያስ ነበሩ። ዛሬ የባለሥልጣኑ የበላይ ኃላፊ ናቸው። የወንድሜ ልጅ ደግፌ ከሰው ሁሉ መርጦ የወደዳት ደግሞ የእሳቸውን ልጅ ተዋበችን ነው። እኛ ያብፀጋ፣ ኪሩቤል፣ ሚልክያስ የምንባለው እያረጀን ነው፤ የዛሬ ወጣቶች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ነው የሚይዙት።

ደግፌ አባቱ የሞተበት የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ከድሬዳዋ ጡብ ሠሪ ልጅ ይልቅ ለጎረቤት ልጅ የሚያደሉ ዘመዶች በአዲስ አበባ በኩል እንዳሉ አውቃለሁ። የጎረቤታቸው ሽማግሌዎች ተራ ይዘው፣ የእኛን መሰናከል ይጠብቁ ነበር። ተዋበች ደግሞ ደግፌን ብትወድም፣ «አባቴ እሺ ሳይል፣ ሳይመርቀኝም አላገባም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ከዐቢይ ጾም በፊት የቀረን አምስት ሳምንት ነበር። ስለዚህ እኔ፣ ጎረቤቴ ሐጂ ኢምራንና ጡረተኛው መምህር ኪሩቤል ሦስት ሆነን ለሽምግልና ተነሣን። በስክሪን ሽማግሌ የላከ ቤት ነበር፤ የተዋበች እናት ወይዘሮ ሶሊያና ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዙረው ወደ ጓዳ ገቡ አሉ።

ጉዞው እንዲህ ነው። ከድሬዳዋ ከተማ እስከ ድሬዳዋ አየር ማረፊያ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ተኩል። በመግቢያ አዳራሽ ዐሥራ አንድ ሰዓት። በረራ ሰባት ደቂቃ። በመውጫ አዳራሽ ዘጠኝ ሰዓት። ከአዲስ አበባ አየር ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ ከተማ በአውቶቡስ ሰባት ሰዓት። ድምሩ ሠላሳ ሰዓት ከሠላሳ ሰባት ደቂቃ ይመጣል። ድሮ ቀጥታ ይሄድ የነበረውን መንገድ የሁለቱ አየር ማረፊያዎች አጥር መሐል ለመሐል ቆርጦታል። ባቡሩም ዕቃ እንጂ ሰው አይጭንም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ምን ይሠራል የሚል ሰው አዳራሹን አላየውም። አራተኛው መስኮት የሰጠንን ወረቀት አምስተኛው መስኮት ተቀብሎ ለስድስተኛው የሚሆን ወረቀት ይሰጠናል። ስድስተኛው ምሳ ላይ ነው። ጫማችን ለብቻው ተፈትሾ ለብቻው ይጓዛል፤ እኛ በነጠላ ጫማ እንቀመጣለን። አዳራሹ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ አለ፣ ሕፃናት የቤት ሥራቸውን የሚሠሩበት ጠረጴዛ አለ፣ የራሱ ዕድር አለው። ሁለት ወጣቶች እዚያው ተዋውቀው ተጋቡ ብሎ አንዱ ነገረን፤ ሽማግሌ የተላከው ከወንበር ቁጥር አርባ ወደ ወንበር ቁጥር መቶ ዐሥራ ሁለት ነው። ሐጂ ይህን ሲሰማ፣ «እነሱማ ታድለው» አለ፣ ጉልበቱን እያሸ።

በረራው ላይ ብዙ የሚነገር ነገር የለም። አብራሪው በአምስት ቋንቋ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ ሳይጨርስ ደረስን። ኪሩቤል ቀበቶውን ለማሰር ሲታገል፣ ፍታ ተባለ።

ስለ ካርዱ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። መንገደኛ ሁሉ ገና መግቢያ አዳራሽ ሲገባ ደረቱ ላይ ነጭ ክብ ካርድ ይለጠፍለታል። ካርዱ ዝም ብሎ ይሰማል። የደረስክበት ቤት ሰው «መንገዱ እንዴት ነበር?» ብሎ ሲጠይቅህ መልስህን ይይዛል፤ ካመሰገንክ አረንጓዴ ይበራል፣ ካማረርክ ቀይ። ባለሥልጣኑ በየዓመቱ በሚያወጣው መግለጫ ከመቶ መንገደኛ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ሰባቱ ረክቷል። ቀሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው ተብሏል። በዚህ ማንንም መክሰስ አይቻልም። የኛ ሰው እግሩ ተሰብሮ ቢገባ እንኳ፣ መንገዱ እንዴት ነበር ሲሉት፣ ተመስገን ነው የሚለው። ባለሥልጣኑ ያደረገው መስማት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አቶ ሚልክያስ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። ረጅም፣ ጨዋ፣ ሸሚዛቸው መጨማደድ የማያውቅ ሰው ናቸው።

«ኖር! ግቡ፣ ግቡ። መንገዱ እንዴት ነበር?»

ሠላሳ ሰዓት ከሠላሳ ሰባት ደቂቃ በእግሬ፣ በወገቤ፣ በዓይኔ ሥር ነበር። «ተመስገን። ምንም አይልም» አልኩ። ሐጂም «አልሐምዱሊላህ» አለ። ኪሩቤልም አመሰገነ። ሦስቱ ካርዶች ተራ በተራ አረንጓዴ በሩ። አቶ ሚልክያስ ካርዶቹን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የወጣው ደስታ የእውነት ነበር፤ ሰውየው አስመሳይ አይደሉም።

ተሰልፈን ቆምን። ሐጂ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንግዲህ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው ደጃችሁን የረገጥነው» አለ። ስለ ደግፌ ሥራ፣ ስለ ጠባዩ፣ አባት አልባ አድጎ ሰው ስለመሆኑ ተናገርኩ። አቶ ሚልክያስ በትዕግሥት ሰምተው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ነገሩ መልካም ነው። ቢሆንም ቤተ ዘመድ መጠየቅ አለበት። በሳምንቱ ብቅ በሉ።»

ይህ እንቢታ አይደለም። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን እንደጣለ ይቆጠራል፤ ሽማግሌ መመላለስ አለበት። እኛም ይህን አውቀን ነው የመጣነው። እሳቸው ግን በሩ ድረስ ሸኝተውን፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ፣ «መቼስ ሰባት ደቂቃ ናት። ለእናንተ ከጎረቤት ብቅ ማለት ነው» አሉ። ሐጂ የደረጃውን ብረት ይዞ ትንሽ ቆመ።

ሁለተኛው ጉዞ ከዚህ የባሰ ሆነ። በሁለቱ አየር ማረፊያዎች አጥር መካከል ያለው ሜዳ በአዋጅ መሬት አይደለም፤ የአየር ክልል ተብሎ ነው የተመዘገበው። በእግሩ የገባበት ሰው ያለ ፈቃድ በመብረር ይከሰሳል። ያን ቀን አንዲት ፍየል ገባችና በረራው እስክትወጣ ቆመ። ለአራት ሰዓት ቀጠሮ ሰባት ሰዓት ላይ ደረስን።

አቶ ሚልክያስ በዚህኛው ቀን በር ላይ አልጠበቁንም። ሳሎን ተቀምጠው ሰዓታቸውን እያዩ፣ እንደ ወጉ «መንገዱ እንዴት ነበር?» አሉ። አፋችን እንደ ወጉ መለሰ። ካርዶቹ በሩ።

«እንግዲያው መንገዱ ደህና ከነበረ» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ለሰባት ደቂቃ መንገድ ሦስት ሰዓት ማርፈድ ምን ይባላል? እኔ ንቀት ነው የምለው።»

አፌን ከፈትኩ። ሐጂ በእግሩ እግሬን ረገጠኝ። ጓዳው በር ላይ ተዋበች ትሪ ይዛ ቆማ ነበር።

«የሚመጣው እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት» አሉ አቶ ሚልክያስ። «አንድ ደቂቃ ካለፈ በዚያው ቀን የጎረቤቶቻችንን ሽማግሌዎች እቀበላለሁ። ከዚያ በኋላ ባትደክሙ ይሻላል።»

ደጅ ወጥተን ሐጂን ተቆጣሁት። «ለምን ረገጥከኝ? ልነግራቸው ነበር!»

«ምን ብለህ? የዕድሜ ልክ ሥራህ ከንቱ ነው ብለህ፣ ከዚያ ልጅህን ስጠን ልትል? ሽማግሌ ሊለምን ይሄዳል እንጂ ሊከስ አይሄድም።»

ድሬ ስንመለስ ደግፌ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ፊታችንን አይቶ አልጠየቀም፤ ሻንጣዬን ብቻ ተቀበለኝ። ቤት ገብተን፣ «ጋሼ፣ ካልሆነ ይቅር፤ አንተ ታመምክብኝ እኮ» አለኝ። ድሬ አንቱታ አያውቅም። ያችን «ታመምክብኝ» ሲላት ፊቴን ልታጠብ ብዬ ወጣሁ።

ለሦስተኛው ጉዞ ዓርብ ማለዳ ተነሣን። አዳራሹ ገብተን እስከ ዘጠነኛው መስኮት ደርሰን ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለስላሳ የሴት ድምፅ እንዲህ አለ፦ «ክቡራን መንገደኞቻችን፣ የዛሬው ነፋስ በረራውን ስምንት ደቂቃ ሊያደርሰው ስለሚችል፣ ነፋሱ እስኪያርፍ በረራው ወደ ነገ ማታ ተላልፏል። ጊዜዎ ጊዜያችን ነው።»

አሰላሁት። በምንም ቢሆን ከእሑድ ቀትር በፊት አንደርስም። ኪሩቤል እንቅልፍ ላይ ነው። ሐጂ ሶላቱን ሰግዶ ጨርሶ፣ «በቃ አላህ አላለውም» አለ። እኔ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ማዶ፣ «እንኳን ወደ አዲስ አበባ በደህና መጡ»። እዚያው ቆሞ ይስቅብኛል።

ከመስኮቱ ሥር፣ ከአጥሩ ቀዳዳ ማዶ፣ አንዲት ሴት የግመል ወተት ትሸጥ ነበር። ሐሊማ ትባላለች፤ ከኋላዋ ከአያቷ የወረሰችው ሰማያዊ ባጃጅ ቆሟል።

«የት ነው የምትሄደው አቦ?» አለችኝ።

«አዲስ አበባ።»

በአገጯ ማዶውን አሳየችኝ። «እሱማ ያው። መቼ ነው የምትፈልገው?»

«እሑድ በአራት ሰዓት። ሽማግሌ ነን፤ ሠርግ ነው የያዝነው።»

«ታዲያ ተነሣ! ምን ትጠብቃለህ?»

«ሕጉስ?»

«ሕጉ አየር ነው ይላል። ባጃጄ ደግሞ መሬት ነው የምትነካው፤ ወላሂ አንድም ቀን በርራ አታውቅም። ሁለቴ ያለ ፈቃድ በመብረር ከሰውኛል። ዳኛው ባጃጇን አየና ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ ቀጣኝ።»

ጫማችንን ከአምስተኛው መስኮት በልመና አስመልሰን በቀዳዳው ሾለክን። ሐጂና ኪሩቤል ባጃጁ ላይ ወጡ። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ አልኩ። ሐሊማ፣ «አብደሃል እንዴ?» አለች። ሐጂ፣ «ተይው፣ ቀያሽ ነው፣ ሳይቆጥር አይሞትም» አላት። ባጃጇ ከጎኔ ቀስ እያለች እኔ እየቆጠርኩ ሄድኩ። አጭር ቁጥቋጦ፣ ጠጠር፣ የፍየል ኮቴ። ስድስት ሺህ ከዐሥራ ሁለት እርምጃ፤ ከአራት ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ያውም ሁለቴ አርፌ። መሐል ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከኋላዬ ድሬዳዋ ተብሎ ተጽፏል፣ ከፊቴ አዲስ አበባ። ተናደድኩ። አርባ ዓመት የሰው ድንበር ስለካ፣ የሰው መንገድ ሳቀና ኖሬ፣ እንዲህ ያለ ንዴት ይዞኝ አያውቅም። ሐሊማ ውሃ ሰጠችኝ።

ከማዶ ሽንኩርት የጫነ መኪና ይዞን አዲስ አበባ አስገባን። ቅዳሜን በኪሩቤል እህት ቤት ተኝተን ዋልን። እሑድ፣ አራት ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ ታጥበን፣ ነጭ ለብሰን፣ ካርዳችንን ደረታችን ላይ ለጥፈን በሩን አንኳኳን።

«መንገዱ እንዴት ነበር?» አሉ አቶ ሚልክያስ፣ ሰዓታቸውን እያዩ።

«ተመስገን፣ ምንም አይልም» አልኩ። በሦስት ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቴን ነበር። ካርዷ ልዩነቱን አላወቀችም።

አቶ ሚልክያስ ብድግ አሉና፣ «እንግዲህ ልጃችሁ ልጄ ነው» አሉ። ከጓዳ እልልታ ፈነዳ። ተዋበች እየሮጠች መጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ እሳቸውም ጭንቅላቷን ይዘው ዓይናቸው ሞላ። በዚያች ሰዓት ወደድኳቸው። ግን ንዴቴ ገና አልወጣልኝም ነበር።

«አንድ ልመና ይቀረናል» አልኩ። «ልጁ አባት የለውም፤ ያሳደገችው ድሬ ናት። ሠርጉ የሁለታችንም እዚያው ይሁንልን። መቼስ ሰባት ደቂቃ ናት።»

ሐጂ እግሬን ረገጠኝ። ዘገየ።

አቶ ሚልክያስ ደስ አላቸው። «እንዲያውም ጥሩ! ሕዝቡ ይይ። እኔ ራሴ በበረራው እመጣለሁ።»

«ከዚህ በፊት ሄደውበት ያውቃሉ?»

«ሥራው መቼ ፋታ ሰጥቶኝ» አሉ።

ስንወጣ ተዋበች እስከ መንገዱ ተከተለችኝ። «ጋሼ፣ አባቴ ይደርሳል ወይ? እውነቱን ይንገሩኝ።» የሐሊማን ነገር ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ለእሳቸው ልትነግር ገባች። ያሉትን በኋላ ሰማሁ፦ «የባለሥልጣኑ ኃላፊ በአጥር ቀዳዳ ልሹለክ? በገዛ በረራዬ እንዳላምን?» ወይዘሮ ሶሊያና፣ «እንግዲያው አንተ በሰባት ደቂቃህ ና፤ እኔና ልጄ በባጃጅ እንቀድማለን» አሏቸው አሉ። እኔ ሽማግሌ ነበርኩ፤ ደውዬ፣ እባክዎ ስሙኝ፣ ልላቸው እችል ነበር። አልደወልኩም። ይቅመሱት አልኩ።

ሠርጉ ከጾሙ በፊት ባለው የመጨረሻ እሑድ ተያዘ። እናትና ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሐሊማ ባጃጅ ተሻግረው፣ የሙሽራዋን ቀሚስ በላስቲክ ጠቅልለው፣ እየሳቁ ድሬ ገቡ። አቶ ሚልክያስም የተነሡት ቅዳሜ ማለዳ ነው፤ ለሰባት ደቂቃ በረራ አንድ ሙሉ ቀን ተርፏቸው። ማዕረጋቸው ታውቆ በክቡራን ሳሎን በኩል እንዲያልፉ ተደረገ። የክቡራን ሳሎን በመግቢያ ስድስት ሰዓት፣ በመውጫም ስድስት ሰዓት ይጨምራል፤ ክብር በጥድፊያ አይሆንም።

እሑድ ሰባት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ሞላ። ከሙሽሮቹ ፊት ሁለት ወንበር ተዘርግቶ ነበር፤ አንዱ ላይ ወይዘሮ ሶሊያና ተቀምጠዋል። አንዱ ባዶ ነው። ስምንት ሰዓት ሆነ። ወጡ ሊቀዘቅዝ ነው ተባለ። ተዋበች ከበሩ ዓይኗን አልነቀለችም። ስምንት ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ፤ ከመውጫ አዳራሹ አንድ ጥሪ ይፈቀዳል።

«ልጄ፣ አይዞሽ» ይላሉ አቶ ሚልክያስ። «በረራው ጠዋት ተጠናቋል። በሰነድ ደርሻለሁ። አሁን ያለሁት ድሬዳዋ ነው።»

«የት ጋ ነህ አባዬ? በሩ ላይ ነህ?»

«መስኮት ቁጥር ሦስት» አሉ።

አንድ ሰው በስልኩ ይመርቋት አለ። ወይዘሮ ሶሊያና፣ «በስክሪን ሽማግሌ ያልተቀበልኩ፣ ልጄን በስልክ አስመርቄ ልሸኝ?» አሉ። ሳይጨርሱም ጥሪው ተቆረጠ። ልጅቷ አለቀሰች። ኩሏ ፈሶ ቀሚሷ ላይ ወረደ። ዐሥር ሰዓት ላይ እናቷ እጄን ይዘው ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ተዋበች ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች፤ እንባዋ ሱሪዬን አልፎ ቆዳዬ ድረስ ተሰማኝ። መረቅኋት። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ማፈሬን ብቻ ነው።

አቶ ሚልክያስ የማታው አውቶቡስ አምልጧቸው ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። የድንኳኑ ምሰሶ ተነቅሎ መኪና ላይ ይጫን ነበር። ሙሽሮቹ፣ ወይዘሮ ሶሊያና፣ ሐጂና እኔ በረንዳው ላይ ነበርን። ሸሚዛቸው እንደ አሮጌ ወረቀት ተጨማድዷል፤ እግራቸው ላይ የአዳራሹ ነጠላ ጫማ ነበር፤ በእጃቸው ለልጃቸው የገዙት አበባ አለ፣ ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ ብቻ የቀረ። ተዋበች ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። አቅፈዋት ብዙ ቆዩ። በትከሻዋ በኩል ምሰሶዎቹን፣ የተደራረቡትን ወንበሮች፣ በአመድ የተደፈነውን የድግሱን ምድጃ ተራ በተራ አዩ።

ለዚህች ቀን ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀኋት አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ። ሳያቸው ልጠይቃት አልፈለግኩም፤ እምላለሁ፣ ትቻት ነበር። ግን እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሟል፣ እኔም የቤቱ ሽማግሌ ነኝ። አፌ የለመደውን ተናገረ።

«እንኳን ደህና መጡ። መንገዱ እንዴት ነበር?»

ሐጂ መቁጠሪያውን መቁጠር አቆመ። አቶ ሚልክያስ ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ሊናገሩት ነው አልኩ በልቤ፤ የሚቀየር ነገር ካለ ዛሬ ነው የሚቀየረው። ደረታቸው ላይ ያለችው ነጭ ካርድ ትጠብቃለች። ትንፋሻቸውን ሳቡ።

«ተመስገን» አሉ። «ምንም አይልም።»

ካርዷ አረንጓዴ በራች።